ከወለድኩ በኋላ እቤት ድረስ የመጡልኝ ነርሶች፦ ስለ አገልግሎቱ ያለኝ አስተያየት

ከአምስት ኮከብ አራቱን ሰጥቻለሁ። አንዷን ለምን እንዳስቀረሁ ወደ ታች እመጣበታለሁ። አራቱን ግን ሳልሰስት ነው የሰጠሁት። በሦስተኛው ቀን በራችን ባይንኳኳ ኖሮ ዛሬ ልጄን አቅፌ ይህን መጻፌን እንጃ።

ከሆስፒታል ስወጣ አንዲት ነርስ ወረቀት ሰጥታኝ ነበር። «በሦስተኛው ቀን እቤት ይመጡልሻል፣ ከዚያ በሁለተኛው ሳምንት፣ ከዚያ በስድስተኛው» አለችኝ። እሺ ብዬ ወረቀቱን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ለልጁ ክትባት የሚመጡ ነበር የመሰለኝ። የቀኖቹ ነገር የገባኝ በኋላ ሳነብ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት አራስ እናትና ጨቅላ ቢያንስ አራት ጊዜ እንዲታዩ ይመክራል። መጀመሪያ በ24 ሰዓት ውስጥ፣ ከዚያ ከ48 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ከዚያ ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን፣ በመጨረሻ በስድስተኛው ሳምንት። ቀኖቹ በዘፈቀደ የተመረጡ አይደሉም። ለዚህ እኔ ራሴ ምስክር ነኝ።

በሦስተኛው ቀን ሁለት ሆነው መጡ። አንደኛዋ ዕድሜያቸው የእናቴን ያክላል። ሁሉም ሰው «ሲስተር» ነው የሚላቸው፣ እኔም እዚህ እንደዚያው ልበላቸው። ሁለተኛዋ ተማሪያቸው ናት። የነርስነት ትምህርቷን ጨርሳ የቤት ለቤቱን ሥራ ለመልመድ ነው አብራቸው የምትዞረው።

መጀመሪያ ዓይኔ ያረፈው ቦርሳው ላይ ነው። ሲስተር ቦርሳቸውን ያገኙበት ቦታ ጣል አላደረጉም። ንጹሕ ፕላስቲክ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ዘረጉና ቦርሳውን እላዩ ላይ አስቀመጡት። ሳይከፍቱት በፊት እጃቸውን ሊታጠቡ ሄዱ። ተማሪዋም ተከተለቻቸው። ከቦርሳው የሚወጣው ለዚያች ሰዓት የሚያስፈልገው ብቻ ነው። ሲጨርሱ የተነካው ዕቃ ተጠርጎ፣ እጅም እንደገና ታጥቦ ነው ወደ ውስጥ የሚመለሰው። ተማሪዋ ስመለከታት ጊዜ «ከዚህ ወጥተን ሌላ አራስ ቤት ነው የምንገባው» አለችኝ። «ከአንዱ ቤት ያገኘነውን ጀርም ለሌላው ይዘን እንዳንሄድ ነው።» ይህን ሁሉ የሚያደርጉት ማንም ሳያዛቸው፣ ማንም ሳይቆጣጠራቸው ነው። እኔ አገልግሎቱን ማመን የጀመርኩት እዚያ ላይ ነው።

ልጁ ተኝቶ ነበር። አማቴ ሊያነሱት ብድግ ሲሉ ሲስተር «ይተኛ እናቴ፣ ይተኛ። እሱ ይደርሳል። መጀመሪያ እናቱን እንይ» አሏቸው። ከወለድኩ ጀምሮ ቤታችን የገባ ሰው ሁሉ ቀጥ ብሎ የሚሄደው ወደ ልጁ ነበር። እኔም ለምጄው ነበር።

«ምን ይሰማሻል?» አሉኝ።

«ምንም። ራሴን ትንሽ ይዞኛል፣ እንቅልፍ አጥቼ ነው።»

ወንበር ላይ አስቀመጡኝ። ጀርባዬን አስደገፉኝ። እግሬን እንዳላነባብር ነገሩኝ፣ ሁለቱም መሬት መንካት አለባቸው። ክንዴን ከልቤ ጋር እኩል እንዲሆን ትራስ ላይ አሳረፉት። ከዚያ አምስት ደቂቃ ዝም። አማቴ ሊያወሩኝ ሲሉ ተማሪዋ ፈገግ ብላ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች። እስከዚያ ቀን ድረስ የደም ግፊቴ የተለካው እየተራመድኩ ገብቼ፣ ቁጭ ከማለቴ፣ እየተጠየቅኩና እየመለስኩ ነበር። እንደዚያ ሲለካ ቁጥሩ ያለ ምክንያት ከፍ ሊል ይችላል። ሲስተር የፈለጉት ከፍ ቢል እንኳ «ስላወራች ነው፣ ደረጃ ስለወጣች ነው» የማይባልበትን ቁጥር ነው።

152 በ98።

ፊታቸው አልተለወጠም። ትንሽ ጠብቀው ደገሙት። ያው ነው። በሌላኛው ክንድ ለኩኝ። ያው። ከዚያ ሦስት ጥያቄ ጠየቁኝ። ራስ ምታቱ ማስታገሻ ስትወስጂ ይለቅሻል ወይ? ዓይንሽ ላይ ብልጭ ብልጭ የሚል ነገር አለ ወይ? በቀኝ በኩል ከጎድንሽ ሥር ያምሻል ወይ? ሁለተኛውን ስሰማ ክው አልኩ። ከጠዋት ጀምሮ ግድግዳው ላይ ብልጭታ ይታየኝ ነበር። ለባለቤቴም አልነገርኩትም። ድካም መስሎኝ።

ሲስተር ስልካቸውን ይዘው ወደ ኮሪደር ወጡ። ድምፃቸው ከፍ ሳይል፣ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ሦስቱንም ቁጥሮችና ምልክቶቹን ሲናገሩ ይሰማኛል። ያንኑ በሪፈራል ወረቀት ላይ ጻፉት። ተመልሰው ሲመጡ አጠገቤ ተቀምጠው «ግፊትሽ ከፍ ብሏል። አሁን ወደ ሆስፒታል እንሄዳለን፣ እዚያ ይጠብቁሻል። ልጁም አብሮሽ ይሄዳል፣ ይጠባል» አሉኝ። እንዳትፈሪ አላሉኝም። የሚደረገውን በቅደም ተከተል ነገሩኝና ፍርሃቴ በዚያው ረገብ አለ።

ሆስፒታል ስንደርስ ከበር ጀምሮ ማንም «ምን ሆነሽ ነው» አላለኝም። ያውቁ ነበር። ሁለት ሌሊት አደርኩ፣ መድኃኒት ተጀመረልኝ፣ ግፊቴም ወረደ።

በእርግዝናዬ ወራት ሙሉ ግፊቴ ደህና ነበር። ከወለዱ በኋላ ግፊት ሊነሳ እንደሚችል የነገረኝ ሰው አልነበረም። እንዲያውም ከወሊድ በኋላ ግፊት ይበልጥ ከፍ የሚለው ከ3ኛው እስከ 6ኛው ቀን ባለው ጊዜ ነው። ያኔ ደግሞ ብዙዎቻችን ከሆስፒታል ወጥተን እቤት ነን። ካልተደረሰበት ወደ መንቀጥቀጥና በአንጎል ውስጥ ወደ ደም መፍሰስ ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ የምታነቡ አራሶችና የአራስ ቤተሰቦች ይህቺን ያዙልኝ። ግፊት 140 በ90 ከደረሰ ለባለሙያ ይነገራል። 160 በ110 ከሆነ ደግሞ አንድ ሰዓትም አይጠበቅም። ራስ ምታት አልለቅ ካለ፣ ዓይን ከተብረቀረቀ፣ ከጎድን ሥር ካመመ መለኪያ እስኪመጣ አትጠብቁ፣ ሂዱ።

ከሆስፒታል በተመለስን ማግስት ሲስተር ሳይጠሩ መጡ። ፕሮግራሙ ውስጥ የሌለ ጉብኝት ነው። ግፊቴን ለኩ፣ ከዚያ ልጁን ሚዛን ላይ አስቀመጡት። ሲወለድ 3.1 ኪሎ ነበር። አሁን 2.9። አማቴ ቁጥሩን ሲሰሙ ያመቁት ነገር ወጣ። «እኔ አልኩ፣ ጡቷ አልበቃውም። ሌላ ወተት ይጀመርለት።»

እዚህ ላይ የሲስተርን ብልሃት ልንገራችሁ። አልተከራከሯቸውም። «እውነትዎን ነው እናቴ፣ መጥገቡን ማወቅ አለብን። ግን በምን እናውቃለን?» አሏቸው። ጨቅላ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከልደት ክብደቱ እስከ 7 በመቶ፣ አንዳንዴም እስከ 10 በመቶ ሊቀንስ እንደሚችል፣ አብዛኛው ሕፃን በሁለት ሳምንት ውስጥ እንደሚመልሰው አስረዷቸው። የኛ ልጅ የቀነሰው 7 በመቶ አይሞላም። «ከአምስተኛው ቀን በኋላ በ24 ሰዓት ውስጥ ስድስትና ከዚያ በላይ ዳይፐር ካረጠበ እየጠባ ነው ማለት ነው። ይህን የሚቆጥርልኝ ሰው ያስፈልገኛል። እሷ ደክማለች። እርስዎ ይቆጥሩልኛል?»

አማቴ አንድ ደብተር አገኙ። በእያንዳንዱ ዳይፐር አንድ መስመር ይጭራሉ። በማግስቱ ሰባት መስመር ሆነ፣ በሦስተኛው ቀን ስምንት። የሌላ ወተት ነገር ከዚያ በኋላ አልተነሳም። በአንድ ጥያቄ ስጋታቸው ወደ ሥራ ተለወጠ፣ ከኔ ጋርም ሳንጋጭ ቀረን። ተማሪዋ ይህን ሁሉ ቆማ ስታይ ነበር። እንዲህ ያለውን ነገር በየትኛው ክፍል ውስጥ ሊያስተምሯት ይችላሉ?

አሁን ወደ አስቀረኋት ኮከብ።

የሁለተኛው ሳምንት ቀጠሮ 10ኛው ቀን ላይ ነበር። ጠዋት ተነስቼ ታጥቤ፣ የምጠይቃቸውን ነገሮች ጽፌ ጠበቅኩ። ማንም አልመጣም። ማንም አልደወለም። ወደ ቢሮው ስንደውል «እናያለን» ተባልን። በ12ኛው ቀን ሌላ ነርስ ብቻዋን መጣች። እነሲስተር ሌላ ቦታ ተመድበዋል አለችን። ቦርሳዋን ወንበር ላይ አደረገች። ታብሌቷን ከፈተች። ከዚያ በኋላ ዓይኗ ከታብሌቱ አልተነሳም። ሆስፒታል ገብቼ እንደነበር አታውቅም፣ ከመጀመሪያ እኔው መንገር ነበረብኝ። ልጁን መዘነች፣ 3.15 ሆኗል፣ ደስ አለን። ግፊቴን ለካች። ከዚያ ቀና ሳትል «ባለፉት ሰባት ቀናት ውስጥ መሳቅና የነገሮችን አስቂኝ ጎን ማየት ችለሻል?» ብላ ጠየቀችኝ።

አማቴ በግራዬ ተቀምጠዋል። ባለቤቴ በሩ ላይ ቆሟል። «አዎ» አልኩ። «ያለ ምክንያት ራስሽን ወቅሰሻል?» «አይ።» እንደዚያ እያልን የአራስን ድባቴ የሚፈትሸውን አሥር ጥያቄ ጨረስን። የመጨረሻው ራስን ስለመጉዳት ነው። ባሌና እናቱ ፊት። «በጭራሽ» አልኩ። ውጤቴ ጥሩ ነው አለችኝ። ከገባች 15 ደቂቃ ሳይሞላ ወጣች።

ሁሉም መልሴ ውሸት ነበር። ልጁ ሲተኛ እኔ አልተኛም ነበር። ሌሊት የልጁን ደረት እያየሁ አነጋለሁ። ሆስፒታል የተመለስኩትም በኔ ጥፋት ይመስለኝ ነበር።

በልጅቷ ላይ ለመፍረድ አይደለም ይህን የምጽፈው። ስትወጣ ደረጃው ላይ ባለቤቴን «ዛሬ ዘጠነኛዬ ቤት ናችሁ፣ ሦስት ይቀረኛል» ብላዋለች። በቀን አሥራ ሁለት ቤት የሚዞር ሰው የቱን እናት ቀና ብሎ ያያል? ጥፋቱ ፕሮግራሙን ካወጣው ነው። ስልክ ያልደወለው፣ ማኅደሬን ያላሳለፈላትም እሱው ነው። ኮከቧን ያስቀረሁት በዚህ ነው።

ይህ ሥራ ሰውን እንደሚበላ ከጥንትም የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ1859 ዊልያም ራትቦን የሚባል የሊቨርፑል ነጋዴ ሚስቱን እቤት ያስታመመችለትን ሜሪ ሮቢንሰን የምትባል ነርስ ቀጥሮ ወደ ድሆች ሰፈር ላካት። የተዋዋሉት ለሦስት ወር ነበር። በወሩ እያለቀሰች ተመለሰች። የማየውን መከራ ከዚህ በላይ አልችለውም አለችው። እሱ ጥቂት እንድትታገሥ ለመናት፣ እሷም ቀጠለች። የሦስት ወሩ ውል ሲያልቅ ሥራውን መተው አልፈለገችም። ራትቦን የሠለጠኑ ነርሶች ለማግኘት የዘመናዊ ነርስነት መሥራች የምትባለውን ፍሎረንስ ናይቲንጌልን እስከማማከር የደረሰው ከዚያ በኋላ ነው። ያቺ ሴት በወሯ ስታለቅስ የሚሰማት ሰው ባታገኝ ኖሮ ብዬ አስባለሁ። ከ160 ዓመት በላይ አልፎ ዘጠነኛው ቤቷ ላይ የቆመችውን ነርስ ማን ነው የሚሰማት?

አራተኛው ሳምንት ላይ ልጁ አፍንጫው ተዘጋ። ሌሊቱን ሲያጓራ አደረ። ጠዋት መጀመሪያ ወረቀቱ ላይ ወዳለው ስልክ ደወልኩና እነሲስተር ይምጡልኝ አልኩ። ከሰዓት በኋላ መጡ፣ ተማሪዋም አብራቸው ናት። እነሱን ሳይ እንባዬ መጣ።

ይህን ጉብኝት በደንብ ላሳያችሁ እፈልጋለሁ። ሲስተር ለተማሪዋ «ትንፋሹን ቁጠሪ» አሏት። ልጁ ጡት ለቆ ገና እየተነጫነጨ ነው። ልብሱን ገለጥ አደረገች፣ ሰዓቷን አየች፣ ሠላሳ ሰከንድ ቆጠረችና በሁለት አባዛችው። «64።» አማቴ አፋቸውን ያዙ። የጨቅላ ትንፋሽ በደቂቃ 60ና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን እንደሚባል ራሷ ተማሪዋ ቀደም ብላ ነግራን ነበር።

ሲስተር ቶሎ አልተናገሩም። ልጁን ደረቴ ላይ እንዳደርገው ነገሩኝ። ዝም ብለን ጠበቅን። ሲረጋጋ ተማሪዋን «አሁን እጅሽን ከሱ ላይ አንሺ። ሆዱን እዪ፣ ደረቱን ሳይሆን ሆዱን። ሙሉ ደቂቃ» አሏት። ተንበረከከች። ፊቷ ከልጁ ሆድ አንድ ክንድ አይርቅም። እኔም አብሬያት አየሁ። ሲስተር እንዳሉት ሆዱ ከፍ፣ ዝቅ ይላል። ቶሎ ቶሎ አምስት ስድስት ጊዜ ይተነፍስና ቆም ይላል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ሰከንድ። የኔ ትንፋሽ አብሮ ይቆማል። ከዚያ እንደገና ይጀምራል። በሌሊት ሲያስጨንቀኝ የነበረው ያ መቆም ነበር።

«51» አለች ተማሪዋ።

«አየሽ» አሏት ሲስተር፣ «ጨቅላ እኩል አይተነፍስም። የፈጠነበትን ግማሽ ደቂቃ ይዘሽ ብታባዢው ደህናውን ልጅ ሆስፒታል ትልኪያለሽ። የቆመበትን ብታባዢ ደግሞ የታመመውን እቤት ትተዪዋለሽ።» መጀመሪያ 60 ካለፈ ተረጋግቶ ይደገማል፣ ሁለቴም ካለፈ ነው ወደ ሐኪም የሚኬደው። የታችኛው ደረቱ በትንፋሽ ጊዜ ወደ ውስጥ አለመግባቱን አሳዩዋት፣ አሳዩኝም። ሙቀቱ 36.8። ይጠባል። አፍንጫው ብቻ ነው። ለኔም «ያ ቆም የሚለው ነገር በዚህ ዕድሜ ያለ ነው። ቆይቶ ካልቀጠለ፣ ከንፈሩ ከጠቆረ፣ መጥባት ካቆመ ነው የምትሮጪው» አሉኝ። ያን ሌሊት ሦስት ሰዓት ያህል ተኛሁ።

ይህቺ ትንፋሽ መቁጠር ቀላል ትመስላለች። በሕንድ ጋድቺሮሊ በሚባል አካባቢ አብሃይ ባንግና ራኒ ባንግ የተባሉ ባልና ሚስት ሐኪሞች የገጠር ሴቶችን አሠልጥነው በየቤቱ ጨቅላ እንዲያዩ አደረጉ። ብዙ መቁጠር ለማይችሉ የልምድ አዋላጆች የአንድ ደቂቃ የአሸዋ ሰዓትና ዶቃ ያለው መቁጠሪያ ሠሩላቸው። በየአሥሩ ትንፋሽ አንድ ዶቃ ይገፋል። የጨቅላ ሕክምናውን ውጤት እ.ኤ.አ. በ1999 ሲያወጡ የጨቅላ ሞት ከማነጻጸሪያው አካባቢ ጋር ሲተያይ በ62 በመቶ ቀንሶ ነበር። እነዚያ ሴቶች ዶክተር አልሆኑም። ማየት፣ መቁጠር፣ መርፌ መስጠትና መመለስ ተማሩ። ሠልጥነውም ብቻቸውን አልተተዉም፣ እየመጣ የሚያያቸው ሰው ነበር።

ተማሪዋን ስለ ሥልጠናው ጠየቅኳት። በክፍል ውስጥ በአሻንጉሊት ተለማምደዋል። ትንፋሽ መቁጠርን በቪዲዮ ነው የተማሩት። «ቪዲዮው ላይ ልጁ ዝም ብሎ ተኝቷል፣ መብራቱም ጥሩ ነው። እንዲህ የሚነጫነጭ አላየሁም ነበር» አለችኝ። ከሲስተር ጋር መዞር ከጀመረች ሦስት ወር ሊሞላት ነው። እኔ የሥልጠና ባለሙያ አይደለሁም። ግን ተንበርክካ ስትቆጥር ያየኋት እኔ ነኝ። ከ64 ወደ 51 ስትመጣ የተማረችውን የምትረሳው አይመስለኝም። አጠገቧ የሚያርማት ሰው ባይኖር 64ን ይዛ ትሄድ ነበር።

ታዲያ ሲስተር ተማሪ ይዘው ሲዞሩ የሚያዩት ቤት ቁጥር አይቀነስላቸውም። ለማስተማሩም ተጨማሪ አይከፈላቸውም። ይህን የሰማሁት ከተማሪዋ ነው፣ ሲስተር አፋቸው አይወጣም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ስለ ማኅበረሰብ ጤና ሠራተኞች ባወጣው መመሪያ ለሥራቸው የሚመጥን ክፍያ እንዲከፈላቸው፣ ሥልጠናቸው የክፍልና የተግባር እንዲሆን፣ ደጋፊ ክትትልም እንዲኖር መክሯል። ነርስ ቢሆኑም የዚያ ምክር ቁም ነገር ለነሱም ይሠራል። ማስተማር ሥራ ነው፣ ሰዓት ይበላል። ሰዓቱም በፕሮግራሙ ውስጥ መቀመጥ አለበት።

ስድስተኛው ሳምንት ላይ ተማሪዋ ነበረች የምትመራው። ሲስተር ጥግ ላይ ካለው ወንበር ተቀመጡና ዝም አሉ። ክብደት፣ ሙቀት፣ እትብት፣ ግፊት፣ የኔ ደም መፍሰስ፣ ሁሉም በተራው ሄደ። ከዚያ አማቴን «እናቴ፣ ከእሷ ጋር ለብቻ የምናየው ነገር አለ። ልጁን ይዘው ሌላው ክፍል ይጠብቁናል?» አለቻቸው። ይህን ያህል ቀላል ነበር። አማቴ ልጁን አቅፈው ወጡ። ተማሪዋ በሩን ራሷ ሄዳ ዘጋችው።

ወረቀቱን ሰጠችኝ። አሥሩ ጥያቄዎች፣ እነዚያው። «አንብበሽ አንቺው ሙዪው። ላለፉት ሰባት ቀናት ነው። የሚስማማሽን እንጂ ትክክል የሚመስልሽን አይደለም» አለችኝ። እየሞላሁ እስክሪብቶዬን አላየችም። መስኮቱን ነበር የምታየው። ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ስደርስ፣ ራስን ስለመውቀስ የሚለው ላይ፣ እጄ ቆመ። ከዚያ ለቅሶ መጣብኝ።

ተማሪዋ «አይዞሽ» አላለችኝም። ይህን ልብ በሉልኝ። እኛ ሰው ሲያለቅስ አይዞሽ ሳንል አንችልም፣ በፍቅር ነው የምንለው። ግን አይዞሽ ቶሎ ከመጣች የሚያለቅሰውን ሰው አፍ ትዘጋለች። በቃ ተብሏል፣ ዝም ማለት አለብሽ። እሷ ወንበሯን ትንሽ ወደ እኔ አስጠጋችና ጠበቀች። ጥግ ላይ ሲስተርን አየኋቸው። ሁለት እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጥብቀው ይዘዋል። ሊነሱ እየፈለጉ ነበር ራሳቸውን የያዙት። ስጨርስ ተማሪዋ «እስኪ ስለ ሌሊቱ ንገሪኝ» አለችኝ። ነገርኳት። ሁሉንም። በ12ኛው ቀን የዋሸሁትን ጭምር።

ይህ መጠይቅ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1987 በስኮትላንድ፣ በኤዲንብራ ነው። ከሠሩት አንዷ ጄኒ ሆልደን ትባላለች። እነ ሆልደን ከሁለት ዓመት በኋላ ሌላ ጥናት አወጡ። ቤት ለቤት የሚዞሩ ነርሶች ስለ ማዳመጥ አጭር ሥልጠና ወሰዱ፣ ከዚያ ድባቴ ያለባቸውን እናቶች ስምንት ሳምንት በየሳምንቱ እየሄዱ አዳመጡ። በሦስት ወር ውስጥ ከ26ቱ 18ቱ ሙሉ በሙሉ ዳኑ። የተለመደውን ክትትል ብቻ ካገኙት 24ቱ ግን የዳኑት 9 ናቸው። ጥናቱ ትንሽ ነው፣ አውቃለሁ። ግን ማዳመጥ የተፈጥሮ ጸባይ ብቻ ሳይሆን የሚሠለጠኑበት ሙያ እንደሆነ ያሳየናል። እኔም አንዲት ተማሪ ስትማረው በዓይኔ አይቻለሁ።

ውጤቴ ከፍ ያለ ነበር። መጠይቁ ብቻውን በሽታ አይለይም፣ ስለዚህ ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ ያዙልኝ። ተማሪዋም በሲስተር ክትትል በየሳምንቱ መጣች። ባለቤቴ ማወቅ ያለበትን እኔ ፈቅጄ፣ እኔው ባለሁበት ነገሩት። እንግዲህ ልጄ አራት ወር ሆነው። እተኛለሁ። ልጁ ሲስቅ አብሬው እስቃለሁ።

ይህን አገልግሎት የምታገኙ እናቶች ጥቂት ነገር ልበላችሁ። ጥያቄዎቹ በሰው ፊት ከተነበቡላችሁ «ለብቻዬ ልሙላው» በሉ፣ መብታችሁ ነው። ግፊታችሁ ሲለካ አታውሩ፣ ሌላው ሰውም ዝም ይበል። በቀጠሮው ቀን ካልመጡ በማግስቱ ሳይሆን በዚያው ቀን ደውሉ። የመጣችው ነርስ ያቺው ካልሆነች ያለፈውን ታሪክ በራሳችሁ አንደበት ንገሯት። አገልግሎቱን ለምትመሩ ደግሞ፣ የምትቀሩ ከሆነ ስልክ ደውሉልን። አንዲት ነርስ በቀን ስንት ቤት እንደምትዞር ቆጥራችሁ ቀንሱላት። ተማሪ ይዛ ለምትዞር ነርስ የማስተማሪያ ሰዓት ስጧት። ይህ ሲስተካከል አምስተኛዋን ኮከብ ተመልሼ እጨምራለሁ።

ጎረቤቴ በሚቀጥለው ወር ትወልዳለች። ተማሪዋ ሥልጠናዋን ጨርሳለች፣ የራሷ ቦርሳ አላት፣ ይህንንም ሰፈር ለሷ ሰጥተዋታል። ጎረቤቴ ከሆስፒታል ስትመለስ በሦስተኛው ቀን እቤቷ ሆኜ በሩን እኔ እከፍታለሁ። አማቴም ዳይፐር መቁጠሪያ የሚሆን አዲስ ደብተር ከአሁኑ አዘጋጅተውላታል። በዚያ ቀን ማንም ካልመጣ፣ ስልኩ እኔ ጋ አለ።